የትርንጎ ሁለት ነጌቲቮች

ዓርብ ዕለት ከአንዲት ካልኩሌተር ጋር ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስታገል ዋልኩና በመጨረሻ አሸነፍኳት። ያሸነፍኩበት ዘዴ እንዲህ ነው። አስገባቸው ተብዬ በወረቀት በተሰጡኝ ሁለት ቀመሮች ፊት ሁለት የነጌቲቭ ምልክቶች ቆመው ነበር፤ ሰረዝኳቸው። በቃ። ቀኑን ሙሉ ያኮረፈችው በእነሱ ይመስል ማሽኗ ወዲያው ታረቀችኝና ክብ ሣለችልኝ። እኔም መነጽሬን አውልቄ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኩና ለራሴ «አይ መምህር፣ አሁንም አለህ!» አልኩት። ሰው በሰባ አራት ዓመቱ ራሱን ሲያሞግስ አጠገቡ የሚስቅበት ሰው ቢኖር ለጤናው ጥሩ ነበር። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ነበረች፤ ግን እሷ ከሬዲዮዋ ውስጥ አራቱን ባትሪ ድንጋይ አውጥቼ ካልኩሌተሯ ሆድ ውስጥ ከከተትኩበት ሰዓት ጀምሮ አኩርፋኛለች።

«አንቱ ሰውዬ፣ ለዚች መጫወቻ ብለው ሬዲዮዬን ድዳ አደረጉብኝ?» ብላኝ ነበር።

«መጫወቻ አይደለም፤ የትርንጎ ሥራ ነው።»

«የትርንጎ ሥራ ከሆነማ ምነው ለትርንጎ አይተዉላትም!»

ይህንን ምክር ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም።

ትርንጎ የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህርት ናት። «ትምህርት ቤታችን» የምለው በልማድ ነው እንጂ እኔ ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። ድሮ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ ትርንጎ ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ እሷም ጡረታዋ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ካልኩሌተሯ የከተማችንን አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም ከመጣ አንድ እንግዳ ለትምህርት ቤቱ የተሰጠች ናት፤ እንደ ሌሎቹ መደመርና ማባዛት ብቻ ሳይሆን ግራፍ ጭምር ትሥላለች። ሰኞ ከወረዳ ሰዎች መጥተው የትርንጎን ትምህርት ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሊያዩ ነው። እሷም በዚች ማሽን ፓራሜትሪክ የሚባለውን ቀመር አሳያለሁ ብላ ተነሣች። ፓራሜትሪክ ማለት፣ ላልተማረው ልንገረው፣ ለተማረውም ላስታውሰው፣ አንዲት ነጥብ የት የት እንደሄደች ብቻ ሳይሆን መቼ የት እንደነበረች የሚናገር ቀመር ነው። ቲ የምትባለው ፊደል ሰዓቱን ትይዛለች፤ ኤክስ ግራና ቀኙን፣ ዋይ ደግሞ ላይና ታቹን ይናገራሉ። ሰዓቱ ሲሄድ ነጥቧም ትሄዳለች። ትርንጎ ታዲያ ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ካለችው ሻይ ቤት አግኝታኝ፣ «መምህር፣ ይቺ ማሽን ፓራሜትሪክ ስላት አልሰማ አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ፈረቃ ነው የማስተምረው፤ ጊዜ የለኝም» አለች። ሻይ ቤቷ ሙሉ መምህራን ነበሩ። ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አምጪያት እስቲ! ሳይንና ኮሳይንን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? ለአንዲት ቁልፍ ልሸነፍ ነው?» አልኩ። ትርንጎ ካልኩሌተሯንና ከደብተር የተቀደደች አንዲት ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቷ ላይ የሰዓትን አጭር ጠቋሚ የሚያስኬዱ ሁለት ቀመሮች ተጽፈዋል። ጠቋሚው አራት ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ኤክስ ነጌቲቭ አራት ሳይን ፓይ ቲ ሲካፈል ለስድስት፣ ዋይ ነጌቲቭ አራት ኮሳይን ፓይ ቲ ሲካፈል ለስድስት። ቲ ከዜሮ እስከ አሥራ ሁለት።

ቁልፎቿ የምስር ፍሬ ያክላሉ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ አንድ ጽሑፍ፣ ከቁልፉ በላይ በሰማያዊ ሌላ ጽሑፍ፣ ከሱ ጎን በአረንጓዴ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ አንዱ ጣቴ ሦስት ቁልፍ በአንዴ ይጫናል። ፓራሜትሪክ የሚለውን ቦታ ለማግኘት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀሁ። አግኝቼው ስወጣ ደግሞ ጠፋ፤ መምረጥ ብቻ አይበቃም፣ አጽናልኝ የሚል ሌላ ቁልፍ ካልተጫኑ ትረሳዋለች። ከዚያ ሳይን ስል ሎግ ትጽፋለች፤ ሎጉን ላጥፋ ስል ሁሉንም ታጠፋለች። ቀመሮቹን እንደ ወረቀቷ ሞልቼ ግራፍ በይ ስላት «ኤረር» አለችኝ። እንደገና ሞላሁ። «ኤረር»። ጮክ ብዬ «ምን አጠፋሁ?» ስላት ጥሩወርቅ ከወዲያ ክፍል «ድንጋዩን!» ብላ መለሰችልኝ። አምስተኛው ላይ ማሽኗ ጠቋሚዋን ወስዳ መጀመሪያው ነጌቲቭ ላይ ብልጭ ድርግም ታደርገው ጀመር። እሱ ነው ጥፋቱ ማለቷ ነው። እሺ፣ እሱ ከሆነ ይውጣ አልኩና ከሁለቱም ቀመሮች አወጣሁት። ኤረሩ ጠፋ፤ ግን በክብ ፈንታ ከስክሪኑ ላይኛው ክፍል የእንቅልፋም ሰው ቅንድብ የምትመስል አንዲት ጭረት ወጣች። ሰዓት ጠብቄ ቅንድብ መጣልኝ። ለባትሪው አዘንኩ፤ የአምራቹን አገር ረገምኩ። ለካ ማሽኗ በዲግሪ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ በራዲያን እየቆጠርኩ ኖሯል። አርባ ዓመት ሙሉ በየክፍሉ እየዞርኩ «ልጆች፣ መጀመሪያ ዲግሪ ነው ራዲያን ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህን የረሳ ተማሪ ምሳውንም ይረሳል» ስል የኖርኩት ሰውዬ ማለት ነኝ። ምሳዬንም ረስቼ ነበር። ራዲያን ሳደርጋት ደግሞ ክቡ ግራና ቀኝ ተለጥጦ የዶሮ እንቁላል ሆነ፤ ስክሪኗ ከቁመቷ ወርዷ ስለሚበልጥ አስተካክይ ካልተባለች እንዲያ ነው የምትሥለው። ይህን ለማወቅ ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ነው ክቡ የመጣው፤ ከዚያ ነው ራሴን ያሞገስኩት።

ትርንጎ አሥር ሰዓት ላይ ልትመጣ ቀጠሮ ነበረን። እስክትመጣ ድረስ ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ካልኩሌተሯን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማሸነፍ ሰውን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ እኔንም ወሰደኝ። በዚያን ዘመን ካልኩሌተር ቀርቶ የሎጋሪዝም ሠንጠረዡ መጽሐፍ ለአርባ ተማሪ አራት ነበር። አንዱ ተማሪ ቁጥሩን ይጠራል፣ አሥሩ ይጽፋሉ። ጠመኔ ስትሳሳ በጥፍራችን ይዘን እስክታልቅ እንጽፍባት ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ አምባሻ በስሙኒ ነበር፤ ከገበያው በላይ ካለችው መታጠፊያ ሁለት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ማን ሱሪ ከታች ሰፋ አድርጎ ይሰፋል እያሉ ይወዳደሩ ነበር። እኔ ሁለቱም ጋ አሰፍቻለሁ። እግሬ የት እንዳለ ከጉልበቴ በታች አይታወቅም ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃውን ጠርጌ ነበር የምሄደው፤ ጠራጊ ቀጥረናል ይሉኝ ነበር። ጸጉሬ ደግሞ በበር ለመግባት አንገቴን ዝቅ አስደርጎኛል። ዛሬ ለዚያ ጸጉር የቀረኝ ማስረጃ ይሄ ኮፍያዬ ነው፤ ምን እንደሚሸፍን አላውቅም። ከልብስ ሰፊዎቹ አጠገብ የነበረችው ሻይ ቤት ቴፕ ነበራት፤ ካሴቱ ሲንዘላዘል ባለቤቱ በእርሳስ ይጠቀልለውና አምባሰሉን ካቆመበት ይቀጥላል። አንዱ ዘፈን መሀሉ ተቆርጦ ተቀጥሎ ስለነበር ዘፋኙ «ነይ» ብሎ ሳይጨርስ «ሄደች» ይላል። እስከ ዛሬ ሙሉውን አልሰማሁትም፤ እንዲያውም ሙሉውን ብሰማው የምወደው አይመስለኝም።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ሰዓቴ! ፍላቂት ከተማ ላይ፣ የገብስ ጭነት እስኪሞላ ከሚጠብቅ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በስልሳ ብር የገዛሁት የእጅ ሰዓት ነበር። ስልሳ ብር የዚያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ያኔ እኛ ሠፈር የእጅ ሰዓት ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። እኔም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ በግራ እጄ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ ሰዓቱ ያለው ግራዬ ላይ ነዋ። ጽሑፌ ተበላሸ፤ ሰዓቴ ግን ታየልኝ። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ስንት ሰዓት ነው የኔታ?» ሲለኝ እጅጌዬን ቀስ አድርጌ እሰበስባለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ፣ ከዚያ ነው የምናገረው። ያ ሰዓት ዛሬም ይሠራል፤ ማሰሪያው ብቻ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ዓርብ ዕለትም እጄ ላይ ነበር።

ትርንጎ በቀጠሮዋ መጣች። እጇ ላይ ጠመኔ፣ ብብቷ ውስጥ የተማሪ ደብተሮች። «እንዴት ዋሉ መምህር፣ እሺ አለችዎት?» አለች።

«ሳትወድ በግዷ! ነይ እዪ።»

ተቀመጠችና ካልኩሌተሯን ተቀበለችኝ። ግራፍ የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ክቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተሣለ። ትርንጎ አየችው። ደግማ ተጫነች፤ ደግማ አየች።

«መምህር፣ ነጥቧ ከላይ ነው የተነሣችው።»

«ከላይ ነዋ! ሰዓት ከአሥራ ሁለት ቁጥር አይደል እንዴ የሚነሣው?»

«ወረቀቴ ላይ ከታች ነው የምትነሣው።»

«ወረቀትሽ ላይ ሁለት የማያስፈልጉ ነጌቲቮች ነበሩበት፤ አስተካክዬልሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አስተካከሉልኝ?»

«አስተካከልኩልሽ።»

«እንደገና?» አለች።

«እንደገና» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እሷም አላብራራችልኝም፤ ካልኩሌተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጣመረችና፣ «ስንት ሰዓት ነው መምህር?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ደስ ብሎኝ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እንደ ድሮዬ ትንሽ ቆየሁ። «አሥር ሰዓት ነው» አልኳት።

«አጭሩ ጠቋሚ የት ቁጥር ላይ ነው?»

«አራት ቁጥር ላይ።»

«አሥር ሰዓት ሆኖ አራት ላይ?»

«እንግዲህ የሰው ሁሉ ሰዓት እንደዚያ አይደል… የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ እኛ ከፊት ለፊቱ ያለውን ነው የምና…» ብዬ ቃሉን ሳልጨርሰው ሰዓቴ ላይ አፈጠጥኩ።

ከፊት ለፊቱ ያለውን ነው የምናነበው። አራት ላይ ሆኖ አሥር፣ ዘጠኝ ላይ ሆኖ ሦስት። የእኛ ቀን በንጋት አሥራ ሁለት ይላል፤ ያን ጊዜ አጭሩ ጠቋሚ ታች ስድስት ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ግማሽ ዙር ነው፤ ግማሽ ዙር ደግሞ በሳይንና በኮሳይን ቋንቋ ሌላ ምንም አይደለም፣ ሁለቱም ፊት ላይ አንድ አንድ ነጌቲቭ ማቆም ነው። ይህን ለማወቅ ካልኩሌተር አያስፈልግም። ሕይወቴን ሙሉ በቀን ሃያ ጊዜ እጄን አንሥቼ የማደርገው ነገር ነው።

ያን ጊዜ ፈተናው ትዝ አለኝ። ሳልፈልግ ነው ትዝ ያለኝ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነበር። ጥያቄውን ከአንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ነው የቀዳሁት፤ የሰዓት አጭር ጠቋሚ አራት ሳንቲ ሜትር ቢሆን የጫፉን መንገድ በፓራሜትሪክ ቀመር ጻፉ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የት እንዳለም ተናገሩ ይላል። መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ አንብቤ በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመርኩ። ከአርባው ተማሪ ሠላሳ አምስቱ ምንም አልጻፉም። አራቱ ክፍል ውስጥ የሠራሁላቸውን ክብ ቀድተው መጽሐፉ የሚለውን አገኙ። አንዷ ብቻ ሁለት ነጌቲቮች አቁማ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጫፉ በግራ በኩል ነው ብላ ጻፈች። እኔም ነጌቲቮቹን በቀይ ሰረዝኳቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ማርክ፣ ሁለት ማርክ ቀነስኩ። ወረቀት ስመልስ ትርንጎ ተነሥታ፣ «መምህር፣ በየትኛው ሰዓት?» አለችኝ። «ሰዓት ሰዓት ነው!» አልኳት። «የአባቴ ሰዓት ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ግራ ነው የሚያሳየው» አለች። አባቷ የገነተ ማርያም ቄስ ነበሩ፤ ለቅዳሴ ሰዓት የሚጠብቁባት፣ አንድ ተሳላሚ የሰጣቸው የኪስ ሰዓት ነበረቻቸው። እኔ ግን ክፍሉን እያየሁ፣ «ነጌቲቭ ሰዓት ከየት አመጣሽ? ገነተ ማርያም ፀሐይ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ነጌቲቭ» ሆነ። ስሙ ጥሩ መስሎኝ እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ጠርቻታለሁ። ስናገር እጄን አንሥቼ ይሆናል፤ ሰዓቴም እዚያው እጄ ላይ እንደ ሁልጊዜው ለትርንጎ እየመሰከረ ይሆናል።

«ትክክል ነበርሽ» አልኳት ዓርብ ዕለት፣ ድምፄ ለእኔም ሳይሰማኝ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ልጆቹ ይወዱታል፤ እጃቸውን እያነሡ ያያሉ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው አልነገርሽኝም?»

«እኔማ ያኔ ነግሬዎት ነበር።»

ካልኩሌተሯን ተቀብዬ ነጌቲቮቹን ልመልሳቸው ሞከርኩ፤ እንደገና «ኤረር» አለችኝ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። «ይቺ መቀነሻ ናት እኮ መምህር! የነጌቲቯ ቁልፍ ታች ያለችው፣ በቅንፍ የታጠረችው ናት። ማሽኗ ለየብቻ ነው የምታውቃቸው።»

«በእኛ ጊዜ አንዲት ጭረት ለሁሉም ትበቃ ነበር።»

«ለመቀነስ ትበቃ ነበር» አለች።

ተጫነችው። ነጥቧ ከታች ተነሣች፣ በግራ በኩል ወጣች፣ እኩለ ቀን ላይ አናቱ ጋ ደረሰች፣ በቀኝ ወረደች። የእኛ ቀን ነው። ጥሩወርቅ እንኳን ኩርፊያዋን ትታ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው፤ «ይቺስ ደግ ናት፣ ፀሐይን ትመስላለች» አለች። እኔ አልሰማኋትም ማለት ይቻላል፤ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ መቁጠር ጀምሮ ነበር።

«ትርንጎ፣ በዚያ ፈተና አንደኛ የወጣው ልጅ ስንት ነበር ያመጣው?»

«ዘጠና ስድስት» አለች ሳታስብ።

«አንቺስ?»

«ዘጠና አምስት።»

እሷ ደብተሮቹን አስተካከለች። እኔ ሁለቱን ማርክ ደመርኩ፤ ለዚህ መደመር እንኳን ካልኩሌተር፣ ጣትም አያስፈልግም። ዘጠና ሰባት። ልሥቅበት ፈለግኩ፤ «በቃ ለአንደኛ የሚሰጠውን የጂኦሜትሪ ሳጥን ሽልማት ነው ያስቀረሁብሽ፤ እገዛልሻለሁ» አልኳት።

«ሳጥኑስ ይቅር» አለች። «አባቴ ቃል ነበራቸው። አንደኛ ከወጣሽ አልነካሽም፣ ትማሪያለሽ፤ ካልወጣሽ ግን ለትዳር የጠየቁሽን እሺ እላለሁ ብለው ነበር። ወረቀቱን ይዤ ስገባ ሁለተኛ የሚለውን አነበቡ። አልተቆጡም እኮ። ‹ቃል ቃል ነው ልጄ› ብቻ ነው ያሉኝ። በጥር ዳሩኝ፤ ፍላቂት ማዶ፣ ገብስ ገበሬ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አይውቀሱት። ስመለስ ግን አራት ዓመት አልፎ፣ ልጅ አዝዬ ነው። እርስዎ ተዛውረው ነበር።»

ተዛውሬ ነበር፤ ወደዚህ የተመለስኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከመዛወሬ በፊት ግን፣ የካቲት ላይ ስሟን ጠርቼ ያጣኋት ጊዜ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ሻይዬን ይዤ፣ «ያቺ ነጌቲቭ የምትባለው ጎበዝ ነበረች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ትዳር ወደደች» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለትርንጎ አልነገርኳትም። እዚህ መጻፍ ከመናገር ቀለለኝ፤ ይህም ያው የኔ ፍርሃት ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። በአማርኛ ይህን ቃል ለተማሪ የሚናገር መምህር በእኛ ዘመን አልነበረም፤ አፌ ላይ እንደ ደረቅ ቆሎ ነው የተንከባለለው።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ» አለች፤ ካልኩሌተሯንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ማርኩ ግን ሌላ ነው። ማርኬን የወሰዱት በክፍል ፊት ነው። ሲመልሱልኝም በክፍል ፊት ይሁንልኝ።»

«በክፍል ፊት?»

«ሰኞ ይምጡ። አንድ አፍታ አይፈጅም። ‹ሁለቱ ነጌቲቮች ትክክል ነበሩ› ማለት ነው።»

ቃል ገባሁላት። ሰኞ ጠዋት ጥሩወርቅ ሸሚዜን ተኩሳ፣ ጫማዬን ወልውላ ላከችኝ። ክፍሉ ያው የድሮው ክፍል ነው፤ ጣሪያው ብቻ ተቀይሯል፤ ያኔ አርባ ይቀመጡበት የነበረው ዛሬ ስልሳ ያህል ይዟል። የወረዳው ሰዎች ሦስት ሆነው ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ እኔም አጠገባቸው። ትርንጎ ካልኩሌተሯን ከወንበር ወንበር እያስተላለፈች፣ እሷ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሠርታ አስተማረች። ልጆቹ ነጥቧ ከታች ስትነሣ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ግራ ስትደርስ እያዩ ጮሁ። አንዲት ልጅ፣ «መምህርት፣ ታዲያ የፈረንጆቹ ቀመር ስህተት ነው?» ብላ ጠየቀች። ትርንጎም «አይደለም፤ ለእነሱ ንጋት ትክክል ነው፤ እኛ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የምንነሣው» አለች። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ጽፈው ጽፈው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ትርንጎ ወደ ኋላ ዞራ፣ «ልጆች፣ እኔን ያስተማሩኝ መምህር ዛሬ እዚህ አሉ። ስለዚህ ጥያቄ የሚሉት ነገር ሊኖራቸው ይችላል» አለች።

ተነሣሁ። ስልሳ ፊት ዞረ፤ የወረዳው ሰዎችም ሦስት ፊት ዞረ። «ልጆቼ» አልኩ፤ «ከብዙ ዓመት በፊት፣ በዚህ ክፍል፣ በዚህ ጥያቄ…» አልኩ። ሳልኩ። አንዱ የወረዳ ሰው አክብሮኝ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ፤ እሱ ፈገግታው ነው ያጠፋኝ። «በዚህ ክፍል ጠመኔ አልነበረም!» አልኩ። ከዚያ ስለ ጠመኔ ነገርኳቸው። እንዴት በጥፍራችን ይዘን እስክታልቅ እንደምንጽፍ ነገርኳቸው፤ ስለ ሻይ ዋጋ ነገርኳቸው፤ ስለ ሱሪዬ ስፋት ነግሬያቸው ሳቁ። አጨበጨቡልኝ። ትርንጎ ሰሌዳውን እያጠፋች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እናመሰግናለን መምህር» አለች። ተቀመጥኩ። ጥፍሬን ጉልበቴ ላይ ተክዬ፣ እንደገና ልነሣ፣ እንደገና ልነሣ ስል ደወሉ ተደወለ።

በሩ ላይ ስንገናኝ፣ «የጠመኔው ነገር ደስ ይል ነበር» አለችኝ። ስትናገር አሽሙር አልነበረባትም፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

«ትርንጎ፣ እኔ እኮ…»

«ሦስት ክፍል ነው የማስተምረው፣ መምህር። ለቢ ክፍል ማክሰኞ ነው፣ ለሲ ሐሙስ። ጥያቄው ያው ነው።»

ማክሰኞ ጉንፋን ያዘኝ አልኩ። ጥሩወርቅ ግንባሬን ነክታ «ምንም የለዎትም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ሸሚዙ ተተኩሶ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የምናገረውን ሦስት ጊዜ ብቻዬን ጮክ ብዬ ብየዋለሁ፤ ብቻዬን ስሆን አንደበቴ አይሰናከልም። እስከዚህች ሰዓት ድረስ ግን ለትርንጎ ሁለት ማርክ አለብኝ።